አባቴ ሜትሩን የረገጠ ዕለት

ጎረቤቴ ሱቄ ድረስ እየሮጠች መጣች። ሳምቡሳ ጠብሳ የምታድር ሴት ናት፤ እንኳን ልትሮጥ ከበርጩማዋ ለመነሳትም ሰው ካልደገፋት አይሆንላትም። ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ ዲሪዕ የሚባለውን ስስ የሴት ቀሚስና ሻሽ ከምሸጥባት ጠባብ ሱቅ በር ላይ ቆማ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኋት። ከዚያ በሶማልኛ፣ «አባትሽ ከመንግሥት ሰዎች ጋር ተያይዘዋል፤ ቶሎ ድረሺላቸው» አለችኝ።

ሱቁን ለማን እንደተውኩት ዛሬም አላስታውስም። አባቴ ጅቡቲ የገባው እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ነው፤ አሁን እኔ ራሴ ሸብቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ወረቀት አልነበረውም። እኔ ነፍሱን ይማረውና ባሌ የዚህ አገር ሰው ስለነበር የመኖሪያ ካርት አለኝ። አባቴ ግን ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም ኖረ፣ ጉልበቱ ሲደክም ቤት ዋለ፣ እዚህ ድረስ የቆየውም ከማንም ባለሥልጣን ፊት ቆሞ ስለማያውቅ ብቻ ነው። ፖሊስ ካየ በሌላ መንገድ ይዞራል። አንድ ቀን ከተያዘ ወደ ድንበር ነው የሚጭኑት። ከድንበሩ ወዲያ ደግሞ የሚያውቀው ሰው በሕይወት የለም፤ የደም ግፊት ኪኒኑን የሚያስታውሰው እኔ ነኝ።

የምንኖረው ካርቲዬ ስድስት በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሄደ ሦስተኛው ግድግዳ ታክኮ ከሚያልፍባት መንገድ ነው። ስደርስ መንገዱ በሴቶች ተሞልቷል። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሁለት ቀያሾች መሃል ቆመዋል። በየቤቱ ፊት የብረት ችካል ተተክሎ ጫፉ ላይ ቀይ ፕላስቲክ ታስሮበታል። መሬቱ ላይ ቢጫ ሜትር ተዘርግቷል። አባቴ በሽርጡና በነጠላ ጫማው ሜትሩን ረግጦ ቆሟል።

ቀያሹ ጨዋ ሰው ነበር። «ሙሲዬ፣ እባክዎ እግርዎን ያንሱልኝ» እያለ በፈረንሳይኛም በሶማልኛም ይለምነዋል። አባቴ ግን በቀያሹ ራስ ላይ አሻግሮ የመንገዱን ጫፍ ነው የሚያየው። ሌላው ሰው ሲናደድ ይጮኻል፤ አባቴ ሲናደድ ድምፁ ይጠፋል። በሴቶቹ መሃል ተጋፍቼ አጠገቡ ደረስኩ።

«አባ፣ እግርህን አንሳ» አልኩት።

«ጠይቂው። ለምንድን ነው የሚለካው በይው።»

ጠየቅሁ። ቀያሹ እፎይ ብሎ፣ በፈረንሳይኛ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊቀበር እንደሆነ፣ ችካሉ ምልክት ብቻ እንደሆነ፣ ሁሉም ለእኛው ጥቅም እንደሆነ ነገረኝ። ቃል በቃል ተረጎምኩለት።

«ለእናንተው ጥቅም ነው አለ? በዚሁ አፉ?»

«አዎ አባ።»

«እንግዲያው አልቆልናል» አለና እግሩን አነሳ።

ለቀያሹም ሐቁን ልስጠው። ዝናብ በዚህ አገር የሚጥለው ሲያስታውሰን ነው፤ የጣለ ዕለት ግን ፍራሽ ጠረጴዛ ላይ ቆልለን፣ ልጆች አልጋ ላይ አስቀምጠን ውኃ በጣሳ ስንቀዳ ነው የምንውለው። ቦይ የዚህ መንገድ ሰው ሁሉ ምኞት ነበር። ነገር ግን የእኛ ችካል የተተከለው መንገዱ ላይ አይደለም፤ አባቴ ከወደብ በተጣለ ጣውላ በገዛ እጁ ከሠራት በረንዳ ውስጥ ነው። ይህንንም በዓይኔ አይቻለሁ። ቦዩ በረንዳዋን ይወስዳል ወይ ብዬ ብጠይቅ ቀያሹ ትከሻውን ሰበቀ። አያውቅም። የሚያውቁት ሰዎች ቢሮ ናቸው።

አባቴን ክንዱን ይዤ ቤት አስገባሁት። ውኃ ሰጠሁት፣ አልጠጣም። ምን እያየ እንደሆነ አውቃለሁ። ያንን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ሲጥል፣ ጫቱን ይዞ ሲቀመጥ ስንቴ ነግሮኛል።

ሐረርጌ ውስጥ፣ ጨርጨር ተራራ ላይ ነው የተወለደው። አባቱ ወጣት ሳለ ገመድ የያዙ ሰዎች መጡ። ቃላድ ይባላል፤ መሬት የሚለካበት ገመድ ነው። መጀመሪያ የመጡት ገበሬው ግብሩን በልክ እንዲከፍል፣ ለእርሱው ጥቅም ነው ተብሎ ነው። ገመዱ በአያቴ እርሻ ላይ ተጣለ፣ ችካል ተመታ፣ ከችካሉ ወዲያ ያለው ትርፍ ነው ተባለ። ትርፉ ከተማ ለሚኖር አንድ ባለማዕረግ ተሰጠ። አያቴ በማግስቱ ያንኑ መሬት፣ በዚያው በሬ፣ በዚያው ሞፈር አረሰ፤ ልዩነቱ ጭሰኛ መሆኑ ነው። ማሽላው ሲታጨድ ግማሹን በገዛ ጀርባው ተሸክሞ ባለመሬቱ ጎተራ ያገባል። ሐረር ድረስ በእግሩ እየሄደ አቤት አለ። ነገ ና ተባለ። ነገ ሄደ። እንዲህ ሲል ጢሙ ነጣ።

አልፎ አልፎ ላይኛው አገር፣ እኛ ተራራ ላይ፣ ገበሬው መንገድ ዘጋ ሲባልና ጫት የጫነው መኪና ሲቀር፣ ከተማችን እንደታመመ ሰው ትሆናለች። ያን ዕለት ገበያ ውስጥ ደንበኞቼ፣ «ምን ሆኑ ሰዎችሽ? እነዚህ አክራሪዎች ከየት መጡ?» ይሉኛል። ሬዲዮውም ያንኑ ይጠይቃል። እኔ ደሜ ይፈላል። ከየትም አልመጡም፤ እዚያው ነበሩ። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በትሕትና አቤት ብሎ ነገ ና ከተባለ፣ ልጁ አቤት አይልም። የልጅ ልጁ ደግሞ ጥያቄውን ራሱን ይረሳውና ቁጣውን ብቻ ይወርሳል። ገበሬ የሚቆጣው መጽሐፍ አንብቦ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱም ቀላል ነበር፤ መጽሐፉን መቀማት ነው። ይህን ሁሉ ለደንበኛ ማስረዳት አይቻልም፤ ዲሪዑን አጥፌ እሰጣታለሁ።

አባቴ ጎረምሳ ሳለ ባለመሬቱ ትራክተር ሊያስገባ ፈለገና የገመድ ሰዎቹ ተመልሰው መጡ። በዚህኛው ጊዜ ማንም አቤት አላለም። ሰዎቹ ችካላቸውን መትተው ሲሄዱ የመንደሩ ሴቶች በጠዋት አንድ ላይ ወጥተው ነቀሉት። እንጨት ነውና አነደዱት። በእሳቱ ላይ ትልቅ ድስት ጥደው የማሽላ ንፍሮ ቀቀሉ፤ ከዚያ ንፍሮውን ቤት ለቤት አዳረሱት። ሽማግሌውም፣ አራሷም፣ ለባለመሬቱ ወሬ የሚያቀብለውም ሰውዬ ሳይቀር ቀመሰ። ከንፍሮው የበላ ሁሉ ነቃይ ነው። ጭቃ ሹሙ መጥቶ ማን ነቀለ ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚጠቁም ሰው ራሱን ነው የሚጠቁመው። ድስቱን የጣደችው የአባቴ እናት ነበረች፤ እኔ አኮ የምላት አያቴ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ መሬት ላራሹ ተባለ፣ አባቴ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሆነ። ገመዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሳቸው መንደር የወጣ ሰው ያዘው። ያን ቀን ሲተርክልኝ ፊቱ ይበራል። ለመበለቷም፣ ለአንካሳውም እኩል እየለካ ሰጠ። ሰው ከኋላው እየተከተለ ይዘፍን ነበር። በዚያው ገመድ ደግሞ እህል ደበቀ የተባለ ጎረቤቱን የፊጥኝ አስሮ ወረዳ ድረስ ነድቶታል። ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ደግሜ ብጠይቀው ተነስቶ ወጣ።

የመጨረሻውን ገመድ እኔም አስታውሰዋለሁ። መንደር ምሥረታ ተብሎ፣ ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ ሁሉ ቤቱን አፍርሶ በመስመር እንዲሠራ ታዘዘ። ለውኃው፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለእናንተው ጥቅም ተባለ። ሰዎች በራቸውንና ማገራቸውን ተሸክመው ተራራ ሲወርዱ አይቻለሁ። አዲሱን መንደር በገመድ የለካው፣ ችካሉን የመታው አባቴ ነው። በመንገድ ሲያልፍ ሰላም የሚለው ጠፋ። አንድ ጠዋት ችካሎቹ ተነቅለው ተገኙ። ካድሬው ለአባቴ እስከ ገበያ ቀን ጊዜ ሰጠው፤ የነቀለውን ሰው በስም አምጣ አለው። አባቴ ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። እናቱ ናት። በዚህኛው ጊዜ ሰው ሁሉ ፈርቶ ማንም አብሯት አልወጣም፣ ንፍሮም አልተቀቀለም፤ ብቻዋን ነው የነቀለችው። በገበያው ቀን አባቴ እናቴንና እኔን ይዞ ድሬዳዋ ወረደ፣ ከዚያም በአሮጌው ባቡር እዚህ ገባን። አኮ ቀረች። ሞተች ተባለ፤ እንዴት እንደሞተች አልተነገረኝም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የተሸከመ ሽማግሌ ነው በረንዳው ላይ ችካል የተተከለበት።

በዚያው ዕለት ከሰዓት፣ የዐስር ሰላት ሲያበቃ ምንጣፉን በሩ ላይ አነጠፈና የመንገዱን ሴቶች ጠራ። አዴር ይሉታል፣ አጎት ማለታቸው ነው፤ ያከብሩታል። ያቺ ሳምቡሳ ጠባሿ፣ ከፊት ለፊት ያለችው የአፋር ሴት፣ የየመናዊው ሚስት፣ ሁሉም ዙሪያውን ተቀመጡ። ወደብ ላይ በለመደው ሶማልኛ ነገራቸው። ነገ ረፋድ ላይ አንድ ላይ እንወጣለን፤ ሁላችንም እንነቅላለን፤ ቦዩ በማን ቤት ላይ እንደሚያልፍ ሳይነገረን ሜትር አይዘረጋም። ከዚያ ወደ ሳምቡሳ ጠባሿ ዞሮ፣ ችካሉን ከመጥበሻሽ ሥር ታነጂዋለሽ፣ ከጥብሱ ሁሉም ይበላል አላት።

«ብረት ነው አባ» አልኩት። «አይነድም።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እሱም ፈገግ አለ። «ባይነድም ከሥሩ ይቀመጥ» አለ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ማንም ተነስቶ አልሄደም፤ ሰዓት ተቀጣጠሩ።

ብቻችንን ስንቀር ጮኽኩበት። እነዚህ ሴቶች ወረቀት አላቸው፣ ፖሊስ ቢመጣ ወደየጓዳቸው ይገባሉ፤ አንተን ነው የሚወስዱህ፣ ጉልበትህ ከመኪና እንኳ አያስወርድህም፣ ማን ጋ ነው የምትሄደው አልኩት።

«እኔ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?»

«እኔ ቀረሁህ!» አልኩት። እንባዬ መጣ፣ አላበስኩትም። እሱም ምንጣፉን ጠቅልሎ ገባ።

ጠዋት ሱብሂን ሰግዶ ተመልሶ ሲጋደም እኔ ቀድሜ ወጣሁ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ችካሉ ቀድሞ ከተነቀለ ሴቶቹ አይሰበሰቡም፣ ካልተሰበሰቡ ደግሞ መሪ ነህ የሚባል ሰው የለም። የመጀመሪያው እሺ ብሎ ወጣ። ሁለተኛው ጠጠር ውስጥ ተቀርቅሮ ነበርና ስወዘውዘው መዳፌ ተላጠ። ከእኛ በረንዳ ያለውን ስነቅል ጣውላው ጮኸብኝና አባቴ የነቃ መሰለኝ። ሁሉንም ነቅዬ፣ ሰረቁ እንዳንባል በመንገዱ አፍ ላይ ደርድሬ፣ እጄን ታጥቤ ሻይ አፈላሁ። የማንንም በር አላንኳኳሁም።

ረፋድ ላይ ቀያሾቹ ተመለሱ። ከእነርሱ ጋር ፖሊስ ነበር። መኮንኑ ወፍራም፣ ላብ ያጠመቀው፣ ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር ሲጠራ እንደዋለ ሰው የሰለቸው ነው። የተደረደሩትን ችካሎች በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና፣ «ማነው የነቀለው?» አለ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እነርሱ አልነቀሉም፤ ሌላዋ የነቀለች መስሏቸዋል። ሳምቡሳ ጠባሿ ወደ አባቴ አየች። መኮንኑ ዓይኗን ተከተለ። አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ከበረንዳው ወረደ።

«እኔ ነኝ» አለ በሶማልኛ።

«ውሸቱን ነው!» ብዬ መሃል ገባሁ። «እኔ ነኝ። ብቻዬን ነው የነቀልኩት።» የተላጠ መዳፌን ዘረጋሁለት።

መኮንኑ መዳፌን አየ፣ የአባቴን ጉልበት አየ፣ መሳቅ አማረው። ካርቴን ጠየቀኝ። ሰጠሁት፤ ኪሱ ከተተውና ነገ ጠዋት ፖሊስ ቢሮ መጥተሽ ትወስጃለሽ አለኝ። አባቴን ወረቀት አልጠየቀውም። የጃጀ ሽማግሌ መስሎት ይሆናል። እነርሱ ሲሄዱ ግድግዳ ተደግፌ ቆየሁ፤ ትልቁ አደጋ አለፈ ብዬ አላህን አመሰገንኩ።

አባቴ ግን ደስ አላለውም። ቤት እንደገባን፣ «ብቻሽን?» አለኝ። «ለምን ብቻሽን? ብቻውን የነቀለ ነው የሚያዘው።»

«አንተን ላድን ብዬ ነዋ!»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዘራውን ግድግዳ አስደግፎ፣ «ለካድሬው እኔ ነኝ ነቃዩ ብለው ይበቃ ነበር» አለ። «ስም አምጣ ነው ያለኝ። የራሴን ስም መስጠት እችል ነበር። ያኔ አልመጣልኝም ልጄ። እናቴን አሳልፌ አልሰጥም ብዬ መሸሹን ብቻ ነው ያሰብኩት። እኔ ስጠፋ መጡና እርሷን ወሰዷት። ስትመለስ መቆም አቅቷት ነበር። በዚያው ክረምት፣ እኔ በለካሁት መስመር ላይ ሞተች።»

ኪኒኑን ሰጠሁት፣ ዋጠው።

በማግስቱ ስነሳ የኢድ ሸሚዙን ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። አትሄድም አልኩት። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ በሩን እዘጋብሃለሁ አልኩት። «ካርትሽን ልናመጣ ነው» አለ፣ ዳቦ ልንገዛ የምንወጣ ይመስል። ለዘመናት ሲሸሸው በኖረው መንገድ፣ በፖሊሶቹ ፊት ከዘራውን እያንኳኳ አብሮኝ ሄደ።

ቢሮው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጸሐፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነው። የመንግሥት ሥራ ማደናቀፍ ምን እንደሚያስከትል ገሰጸኝና ካርቴን በጠረጴዛው ላይ ገፋልኝ። አነሳሁት። መውጣት እንችል ነበር። ክንዱን ያዝኩት፤ አባቴ ግን እጄን ቀስ አድርጎ አስለቀቀና ጠረጴዛው ፊት ቆመ።

«ንገሪው» አለኝ በቤታችን ቋንቋ። «ችካሉ ይነቀል ያልኩት እኔ ነኝ። ቦዩን አልጠላንም። በማን ቤት ላይ እንደሚያልፍ ቀድሞ ይነገረን ያልኩትም እኔ ነኝ። ይጻፈው።»

አልተረጎምኩም። ያን ጊዜ በራሱ ሶማልኛ፣ እየተንተባተበ፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ጸሐፊው መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ።

«ወረቀት አለዎት?»

«የለኝም።»

ጸሐፊው ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ምነው ይዘሻቸው መጣሽ የሚል ነው የሚመስለው። ከዚያ፣ «አንቺ መሄድ ትችያለሽ፤ እሳቸው አለቃው እስኪመጡ ይቆያሉ» አለኝ። እኔ የትም አልሄድኩም። ከመሳቢያው ባዶ ወረቀት አውጥቶ መጠየቅ ጀመረ። «ስም» አለ፣ «የአባት ስም» አለ፣ «የአያት ስም» አለ። አባቴ አንድ በአንድ መለሰለት።

«የእናት ስም?»

በእኛ አገር የእናት ስም የሚጠይቅ የለም፤ እዚህ ግን ይጻፋል። አባቴ ከዘራውን በሁለት እጁ ጨበጠ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ አኮ ከማለት በቀር ስሟን አላውቀውም ነበር። ጮክ ብሎ ተናገረው። ጸሐፊው በደንብ አልሰማም መሰለኝ፣ ይድገሙልኝ አለ። ደገመለት።